ከኋላ በግራ በኩል

ሰው ሲሰደብ ዝም የሚለው ወይ ጥፋት ሲኖርበት ነው፣ ወይ ፈሪ ሲሆን ነው፣ ወይ ደግሞ አፉ ውስጥ ነገር ሲኖር ነው። ጆሮ አፉ ውስጥ ጥርስ ነበረው። የራሱን ሠላሳ ሁለት አይደለም የምላችሁ፤ ሠላሳ ሦስተኛ። ከፊቱ ዳኛው ይሰድቡታል፣ ከጎኑ አለቃው ይሰድበዋል፣ እሱ ግን ጉንጩ ውስጥ ጥርስ ወትፎ፣ ደሙ እየፈላ፣ እንደ ሐውልት ተገትሯል። እንዴት እዚህ እንደደረሰ ካልነገርኳችሁ እናንተም ትፈርዱበታላችሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ።

ጆሮ መካኒክ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም አለው፣ ግን ጋራዡ ውስጥ የሚያውቀው የለም። ሞተር የሚፈቱት ሌሎች ናቸው፣ ፍሬን የሚያጠብቁት ሌሎች ናቸው። የሱ ሥራ መኪና ውስጥ የሚነጫነጭ ነገር ማደን ነው። ቀጭ ቀጭ፣ ሲጥ ሲጥ፣ ኳ ኳ የሚል፣ ሲፈልጉት የሚደበቅ፣ ሲተዉት የሚመለስ። ሌላው መካኒክ "ሬዲዮውን ከፍ አርገህ ንዳት" ብሎ የሸኛትን መኪና እሱ ይቀበላል። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተዋል፤ ማን ማንን እንደተወ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በጆሮው ግን የሚወዳደረው አልነበረም። እሱ ነበር ሀብቱ፤ ሌላ የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መኪናዋን ያራግፋታል። ዣንጥላውን፣ የውሃ ጠርሙሱን፣ ወንበር ሥር የከረመውን ማበጠሪያ፣ ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን ሳይቀር ያወጣል። ከዚያ መስኮት ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል። የመኪናው ሰው ይነዳል፣ እሱ ከኋላ ይሆናል። ማንም ቃል አይተነፍስም። በየተራ እጁን ይጭናል፤ በሩ ላይ፣ ጣራው ላይ፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ። እጁ ሲያርፍ ድምፁ ከጠፋ፣ ተያዘ ማለት ነው።

የዳኛው መኪና ሰባት ሰው የምትይዝ የቤተሰብ መኪና ናት። ዳኛው ጡረታ ወጡ ይባላል እንጂ ጡረታ የወጣው ወንበራቸው ነው፤ እሳቸው መንገድ ላይም፣ ማዕድ ላይም ይፈርዳሉ። ድምፅ ደግሞ አይወዱም። ቤታቸው ውስጥ ማንኪያ እንኳን በጥንቃቄ ነው የሚቀመጠው። እና ያቺ መኪና አንድ ቀን ከኋላ በግራ በኩል ቀጭ ቀጭ ማለት ስትጀምር፣ ልጃቸውን ጠርተው "ወስደሽ አሠሪልኝ" አሏት። ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ናት።

"እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ" አላት ጆሮ ያን ቀን። "ከአሁን በኋላ ወሬ የለም፣ ዶክተር።"

"ማስነጠስስ?"

"ማስነጠስ ፍሬን ላይ ሲሆኑ ብቻ።"

እንዲህ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ከሰው ጋር ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው መስኮት ዘግቶ ሲያዳምጥ መጀመሪያ የሚሰማው መኪናው ነው። ቀጥሎ መንገዱ ይሰማል። ከዚያ ትንፋሽ ይመጣል። ጆሮ ልጅቷ ከመታጠፏ በፊት አየር ሳብ እንደምታደርግ ሰማ። ቀና ቢል ዓይኗ መስታወቱ ውስጥ ነበር። ቶሎ ብሎ ወደ ጣራው አየ፤ ጣራው ላይ ምንም አልነበረም።

ያኔ ጥፋተኛው የኋላ ቀበቶ ነበር፤ የብረት ምላሱ ፕላስቲኩን እየመታ። ትንሽ የሱፍ ጨርቅ ጠቀለለለትና በግማሽ ሰዓት አለቀ። እሷ ግን አልሄደችም። ይሄ ምንድነው፣ ያ ምንድነው፣ ነገር በር ውስጥ እንዴት ይገባል እያለች ጠየቀችው። እሱም ሞኝ ሆኖ አሳያት።

"መስታወቱ የሚወርድበት ክፍተት አለ፤ ይቺን ላስቲክ ገፋ ሲያደርጓት። እዚህ የወደቀ ነገር በሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ልኩን ይንኳኳል።"

"ምን ምን ይገባል?"

"ሳንቲም፣ ብሎን፣ የሸሚዝ ቁልፍ። ከጣት የቀጠነ ሁሉ።"

"ጥሩ ነው" አለች።

ምኑ ነው ጥሩው ብሎ አልጠየቀም። ከሄደች በኋላ እንኳን ያሰበው ስለ አተነፋፈሷ ነበር። አስቦም ራሱን ተቆጣ። እሷ ማን፣ እሱ ማን። እሷ በነጭ ጋውን፣ እሱ ግራሶ በጠጣ ቱታ።

በሦስት ሳምንቷ መኪናዋ ተመለሰች። ጋራዡ ውስጥ ደንበኛ ችግሩን በወረቀት ጽፎ ነው የሚሰጠው፤ የመጀመሪያው ቀን ወረቀቷ "ከኋላ በግራ በኩል ቀጭ ቀጭ ይላል" የሚል ብቻ ነበር። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤ "ከኋላ በግራ በኩል። ሊናገር ፈልጎ የተወ ሰው ዓይነት ድምፅ ነው።" ጆሮ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በሩን ፈታ፤ ከሆዱ አንድ ብሎን አወጣ። ብሎኑን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። የነሱ የጋራዡ ብሎን ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት ማለት ነው አለ በሆዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ወረቀት መጣ። "ከኋላ በግራ በኩል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ዝም ይላል፤ ወደ ጋራዡ ስንታጠፍ ይጀምራል።" ሌላ ወንድ ቢሆን ይሄን አንብቦ ፀጉሩን ይቆረጥ ነበር። ጆሮ ግን ድምፅ እንጂ ሰው መስማት አልለመደም፤ ወረቀቱን ይዞ መኪናዋ ስትታጠፍ የምታንኳኳበትን መንገድ ፍለጋ ወጣ። ተመልሶ በሩን ሲፈታ አሁንም የጋራዡ ብሎን።

ከዚያ በኋላ ሰላም አልነበረውም።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ" ይለዋል ቀለም ቀቢው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር። "ስምህን እንቀይርልህ እንዴ? ጉሮሮ ብንልህስ፣ ለመብላት አታንስም።"

"አፍንጫህን ላስ።"

"እሱም ሌላ ስም ነው፣ እናስብበታለን።"

ይስቃል ቀለም ቀቢው፤ ጆሮን ግን አላሳቀውም። የእጅ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ "ትሰማለች፣ አትሰማም" እያለ ሲሞክር ተይዟል። በመጨረሻ ተደብቆ ሐኪም ቤት ሄደ። ነርሷ መረመረችውና "ያንተ ጆሮ ከኔ ይሻላል" አለችው። ለማጽናናት ነው ብሎ አላመናትም። ሰው በአንድ ነገሩ ሲኮራ ኖሮ ያንን ሲያጣ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

አራተኛው ላይ ዳኛው ራሳቸው መጡ። ሰው ሁሉ ባለበት ሰዓት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ልጃቸውን ከሥራዋ ከነጋውኗ ወስደው ከጎን አስቀምጠው።

"ስማ" አሉት ከመኪናው ሳይወርዱ፣ በመስኮት። "እኔ ቤት አንድ ሰው ዋሽቶኛል፤ ወንዱ ልጄ። ይኸው ሰባት ዓመት ቃል አልተነፈስኩለትም። ለልጄ ያልራራሁ ለአንተ የምራራ እንዳይመስልህ። ዛሬ እየነዳሁ አብሬህ እሰማለሁ።"

ልጅቷ ጫማዋን አየች።

ሄዱ። መስኮት ተዘጋ። ጆሮ እጁን በሩ ላይ ጫነ፤ ድምፁ አልጠፋም፣ ቦታ ብቻ ቀየረ። የሚንከባለል ነገር ነው ማለት ነው። ግን የብሎን ድምፅ አልነበረም። ብሎን ሲመታ ይጮኻል፤ ይሄ ደረቅ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጠጠር የመሰለ። ቀና ብሎ መስታወቱን ቢያይ በመስታወቱ ውስጥ የነበሩት የዳኛው ዓይኖች ናቸው። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች።

ጋራዡ ተመልሰው የበሩን ሽፋን ፈታ። እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፣ ዳሰሰ፣ አገኘ፣ አወጣ፣ አየ።

ጥርስ ነው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ለማሳያ የተሠራ የመንጋጋ ጥርስ።

መኪና ውስጥ ጥርስ የሚጥል መካኒክ የለም። በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ነገር ገባው። ብሎኖቹ ከዚህ ወለል ላይ የተለቀሙ ናቸው። ላስቲኩን ገፍቶ ክፍተቱን ያሳያት እሱ ራሱ ነው። ሐኪም ቤት የሄደው፣ ቀለም ቀቢው የሳቀበት፣ ሰዓት ጆሮው ላይ አስጠግቶ የሰነበተው፣ ሁሉም በሷ ነው። ንዴቱ ከእግሩ ጣት ተነስቶ ጆሮው ላይ ደረሰ።

"ምን አገኘህ?" አሉ ዳኛው ከኋላው።

ዞር ሲል ልጅቷን አየ። ፊቷ ወረቀት መስሏል። ሰባት ዓመት የሚለው ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ አንኳኳ። ጥርሱን ቢያሳይ እሱ ነፃ ወጣ፣ እሷ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። እጁን ኪሱ እንዳይከት ዳኛው እጁ ላይ አፍጥጠዋል። ላቡን እንደሚጠርግ ሆኖ መዳፉን ወደ ፊቱ አነሳና ጥርሱን ጎረሰ።

"መዳፍህን አሳየኝ።"

አሳያቸው። ባዶ ነው።

"ምንም የለም፣ አይደል? አራት ጊዜ መጥተን ሁለት ጊዜ ብሎን፣ አሁን ደግሞ ምንም" አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸውን ለሰው ሁሉ እያሰሙ። "ብሎኑ የማን ነው? የዚህ ጋራዥ። በሩን የሚፈታው ማን ነው? ይሄ ልጅ። መኪናው ሲበላሽ ማን ትመጣለች? የኔ ልጅ። አያችሁ፣ ሠላሳ ዓመት ፈርጄ ይሄ አይጠፋኝም። አንተ ድምፁን የምታስገባው ልጄን ለማየት ነው። ሌባ እንኳን ዕቃ ይሰርቃል፤ አንተ የሰው ሰላም ትሰርቃለህ።"

አለቃው ተደናግጦ መጣ። "አትናገርም እንዴ? ክቡር ዳኛ እያናገሩህ ነው።"

ጆሮ ጥርሱን በምላሱ ወደ ጉንጩ ገፋ።

"ዝም ማለት ማመን ነው" አሉ ዳኛው።

"አንተ ሰው፣ አፍ የለህም?" አለ አለቃው።

አፍማ ነበረው፤ ሥራ ላይ ነው እንጂ። ሆዱ ውስጥ ግን ስድቡ ተሰልፎ ነበር። ለዶሮ ሌባ እንኳን ምስክር ይጠራለታል። እኔ ምስክሬ አፌ ውስጥ ነው፣ ልተፋው ብል ይቺ ልጅ አባት ታጣለች። ደግሞ እሷ እዛ ቆማለች። ዓይኗን እንኳን አታነሳም። ብትናገር ምን ነበረበት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የኔ ከጋራዡ በር አላለፈም።

"ቱታህን አውልቅ" አለ አለቃው። "ሰው ፊት አዋረድከኝ። በቃ፣ ከዚህ ቤት ሂድ።"

ቀለም ቀቢው እንኳን ሳቁን ዋጠ። ጆሮ የቱታውን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት። ልጅቷ ያኔ ነው ቀና ያለችው። ጉንጩን አየች። እሷ በሥራዋ ያበጠ ጉንጭ አታጣም፣ ይሄ ግን ያበጠ አይደለም። ቀስ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"አፍህን ክፈት።"

ራሱን ነቀነቀ።

"አፍህን ክፈት አልኩህ።"

ድምፁ በሽተኛ ወንበር ላይ ሲጋደም የምታወጣው ድምፅ ነው። እንኳን እሱ፣ ቀለም ቀቢውም ከፈተ። ጥርሱ መዳፏ ላይ ጠብ አለ፣ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄን ለመደበቅ ብለህ ነው የተባረርከው?" አለችው በቀስታ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ይሄ የኔ ነው። እኔ ነኝ የከተትኩት። ብሎኖቹንም እኔ ነኝ፣ ከዚህ ወለል እያነሳሁ።"

ጋራዡ ውስጥ የነበረ መዶሻ ሁሉ ቆመ።

"አንቺ?" አሉ ዳኛው። "ለምን?"

"እሱ የሠራው ነገር አይበላሽማ። አንዴ ከነካው አበቃ፤ በግማሽ ሰዓት ሠርቶ 'መልካም መንገድ፣ ዶክተር' ይለኛል። ምን ብዬ ልመለስ?"

ይሄን ሌላ ሰው ቢሰማ ልቡ ይቀልጥ ነበር። ጆሮ ግን አፉ ተለቀቀ።

"አንቺ" አላት። እርስዎ የሚለው ቃል ከነካቴው ጠፋበት። "አንቺ ሴትዮ፣ ደንቁሬያለሁ ብዬ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ነርስ በጆሮዬ መብራት አብርታ አይታኛለች። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይሄ ቀለም የሚቀባ ቅል ሁለት ወር ሲያሾፍብኝ ከርሟል። በጆሮዬ ነው የምበላው እኮ፤ ሌላ ምን አለኝ? አፍ አልፈጠረብሽም? የሰው ጥርስ ትነቅያለሽ፣ አንድ ቃል መንቀል አቃተሽ?"

"እኔ ነኝ ያልተናገርኩት?" አሁን እሷም ጋለች። "ሦስት ወረቀት ጽፌልሃለሁ።"

"ወረቀቱ ስለ መኪና ነው።"

"የትኛው መኪና ነው ሊናገር ፈልጎ የሚተወው?"

የጆሮ እጅ ሳያዝዘው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ወረቀቶቹ እዚያ ነበሩ፣ ሦስቱም፣ ተጣጥፈው፣ ላብ የጠጡ። ለሥራ ነው እያለ ይዟቸው የከረመው። እሷም አየቻቸው። የተቆጣው ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲላላ ታየ፤ እሱ ደግሞ ያንን በማየቱ ይባስ ተናደደ።

ወደ ዳኛው ዞረ።

"እርስዎም፣ ጌታዬ። እዚህ ሰው ፊት ሌባ ብለውኛል። እዚሁ ሰው ፊት ያንሱልኝ።"

አለቃው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ዳኛው ከወንበር የተነሱ ዕለት እንኳን ይቅርታ ብለው አያውቁም። መኪናቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ መሬቱን አዩ።

"ተሳስቻለሁ" አሉ ለመሬቱ።

"አልሰማሁም" አለ ጆሮ።

ከኋላ ቀለም ቀቢው ቱፍ ብሎ ሳቀ።

"ተሳስቻለሁ አልኩ" አሉ ዳኛው፣ አሁን ፊቱን እያዩ። ጆሮ ቁልፉን መልሶ ቆለፈ። አለቃው መፍቻውን ከመሬት አንስቶ አቀበለው።

ዳኛው መኪናው ውስጥ ገቡ። ልጅቷ የአባቷ መስኮት አጠገብ ቆመች፣ እጆቿ ጋውኗ ኪስ ውስጥ።

"ዋሸሽኝ" አሉ።

"አዎ አባዬ። እንደ ወንድሜ ልታኮርፈኝ ትችላለህ። ይሄ ሰው ስለኔ ዝም ብሎ ሲዋረድ ግን እኔ ዝም ልል አልችልም።"

ሞተሩ ተነሳ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ልጅቷ ትጠብቃለች፤ ሰባት ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጦ ያያታል።

"ለራት እንዳትዘገዪ" አሉ ዳኛው፣ ሳያዩዋት።

መኪናዋ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ወጣች። ልጅቷ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወደ ጆሮ መጣች። መዶሻዎቹ እንደገና ጀመሩ፤ ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መስሎ በጎን ያዳምጣል።

"ይቅር ትለኛለህ?"

"አልልም።"

"መቼም?"

"ገና ተናድጄ አልጨረስኩም።"

ዙሪያዋን አየች። ግድግዳው ሥር ያረጁ ጎማዎች ተደራርበው ነበር። ከነነጭ ጋውኗ ሄዳ ላያቸው ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

"ጨርስ እንግዲህ። እኔ የምፈለገው ለራት ነው።"

ጆሮ ፊቷ ቆሞ ጣቱን አነሳ። አንደኛ ሐኪም ቤቱን አለ። ሁለተኛ ቀለም ቀቢውን አለ፣ ጉሮሮ የሚለውን ሳይቀር ነገራት። እሷ አላቋረጠችውም፣ አልሳቀችም፣ ዓይኗንም ከፊቱ አልነቀለችም። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ድምፁ ከዳው። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን መኪና ንጭንጭ ሲያዳምጥ ኖሯል፤ የሱን ንጭንጭ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያዳመጠለት ሰው ግን አልነበረም። ይሄም አናደደው። እንባ መጣበት፣ ጭራሽ።

"ቀጥል" አለችው ቀስ ብላ። "ሦስተኛው ላይ ነበርክ።"